የቀረው ተማሪ በስንተኛው ቀን ይታወቃል?

ስለ ዲጂታል ስም ጥሪ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለዩኒት ሊደሮችና ለሪከርድ ክፍል ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ

እንደምን አደራችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች፤ ረቡዕም አልመጣችም። ከስም ጠሪ መምህሯ ሌላ ይህን የሚያውቅ ማን ነው? የሚያውቀውስ መቼ ነው? በብዙ ትምህርት ቤቶች መልሱ «ሮስተር (የሴሚስተሩ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ) ሲሠራ» ነው። ቀሪው በየዕለቱ በመዝገቡ ላይ በትጋት ይሞላል፤ የሚደመረው ግን ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው። ካርዷ ላይ የቀረችበት ቀን 23 ተብሎ ሲጻፍ ልጅቷ ወይ ትምህርቷን አቋርጣለች፣ ወይ ክፍል ልትደግም ነው። መረጃው ነበረ፤ ጊዜው ግን አልፎበታል።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ዲጂታል ስም ጥሪ ስንነጋገር መመዘኛችን አንድ ነው። ልጅቷ በቀረች በሦስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት፣ ስሟና የወላጇ ስልክ ለሚደውለው ሰው እጅ ገብቷል ወይስ አልገባም? ካርዱም፣ አሻራውም፣ ታብሌቱም የሚመዘነው በዚህ ነው። በሩ ላይ የተተከለ ውድ መሣሪያ ይህን ካላደረገ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ በልቷል ማለት ነው።

ለስሌት እንዲመች አንድ ትምህርት ቤት እናስብ፤ 1,800 ተማሪ፣ 30 ሴክሽን፣ በሴክሽን 60 ተማሪ ያለው። መስፈርቱ ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ቢልም በክፍል 60 ተማሪ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ቁጥር አይደለም። 60 ስም በድምፅ ሲጠራ፣ ለአንድ ስም 4 ሰከንድ ቢወስድ፣ 4 ደቂቃ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ይጠራ ካልን በቀን 6 ክፍለ ጊዜ 24 ደቂቃ ነው። በ190 የትምህርት ቀን 4,560 ደቂቃ፣ ማለትም ባለ 40 ደቂቃ 114 ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ስም በመጥራት ብቻ 19 ሙሉ የትምህርት ቀን አለቀ ማለት ነው። ሙሉ ስም ጥሪ በአንድ ፈረቃ አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ከእረፍት በኋላ ደግሞ የተቀመጡትን መቁጠር ብቻ። ቆጠራው ከጠዋቱ ካነሰ ያን ጊዜ ስም ይጠራል። ፎርፎ የሚወጣ ተማሪ የሚያዘው በዚህች ሁለተኛ ቆጠራ ነው፤ በሩ ላይ ባለ መሣሪያ አይያዝም።

መጀመሪያ ወረቀቱ

የመጀመሪያው ምክራችን መሣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ የሚል ነው። ለየክፍሉ በግማሽ ገጽ ወረቀት ጀምሩ። ከላይ ቀኑ፣ ፈረቃውና ሴክሽኑ ይጻፋል። ከሥሩ በመዝገብ ያሉት ተማሪዎች ብዛት፣ አሁን ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ብዛት፣ ከዚያም የቀሩት መለያ ቁጥርና ስም ይሰፍራል። መምህሩ ሞልቶ ይፈርማል፤ የክፍሉ አለቃ ሪከርድ ክፍል ያደርሳል። ከ1,800 ተማሪ 7 ከመቶው ቢቀር 126 ስም ነው። አንዱን ስም ወደ ኮምፒውተር ማስገባት 12 ሰከንድ ቢፈጅ ሥራው በ25 ደቂቃ ያልቃል። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ኮምፒውተር። ይህም ዲጂታል ሥርዓት ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለችውን ቅነሳ አትናቋት። በመዝገብ 60 ተማሪ አለ፤ መምህሩ 5 ቀሪ ጽፏል፤ የተቀመጡትን ቆጥሮ ግን 54 ብሏል። 60 ሲቀነስ 5፣ 55 ነው። አንድ ልጅ ጠፍቷል። ወይ መምህሩ ዘሎታል፣ ወይ ጓደኛው «አቤት» ብሎለታል። የሪከርድ ሠራተኛዋ ሁለቱ ቁጥሮች እስኪገጥሙ ድረስ ወረቀቱን ትመልሰዋለች። ሥራው ወደ ስልክ ወይም ወደ ታብሌት ሲዛወርም ይቺው ቅነሳ በፎርሙ ውስጥ መኖር አለባት፤ ቁጥሮቹ ካልገጠሙ ፎርሙ መላክ የለበትም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በገበያ ላይ ያሉ ብዙ መተግበሪያዎች ከተለየ ሐሳብ ስለሚነሡ ነው። ስክሪኑ ሲከፈት 60ውም ተማሪ አስቀድሞ «ተገኝቷል» ተብሎ ምልክት ተደርጎበታል፤ መምህሩ የቀሩትን ብቻ ይነካል። ጊዜ ይቆጥባል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የቸኮለ መምህር ምንም ሳይነካ «አስቀምጥ» ቢል የክፍሉ ተገኝነት 100 ከመቶ ሆኖ ይመዘገባል፤ ማንም አያውቅም። በሪፖርት ላይ አንድ ሴክሽን ለሁለት ሳምንት ቀሪ ከሌለው ከማመስገናችሁ በፊት ሄዳችሁ ክፍሉን ቁጠሩ። የተቆጠረው ብዛት እንዲጻፍ ማስገደድ ይህን ስንፍና ይዘጋል፤ ቁጥሩን ለመጻፍ ቀና ብሎ ማየት ግድ ነውና።

ወረቀቱ ሦስት ሳምንት ሳይቋረጥ ከ30ውም ክፍል ከደረሰ ወደ ስልክ ለመዛወር ደርሳችኋል። ካልደረሰ ችግሩ የመሣሪያ አይደለም፤ ታብሌት ቢገዛም መረጃው አይደርስም። ለመዛወሩ እንደ ኮቦ ቱልቦክስ እና ኦዲኬ ያሉ፣ ያለ ኔትወርክ ሞልቶ በኋላ መላክ የሚቻልባቸው የፎርም መተግበሪያዎች ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃሉ።

የቀሪ ዓይነቶች

«አለ» እና «የለም» ብቻ አይበቃም፤ 20 ዓይነት ኮድ ደግሞ ማንም አይሞላውም። ሰባት ይበቃል፦ ተገኝቷል፣ አርፍዷል፣ ቀርቷል (ምክንያቱ ገና ያልታወቀ)፣ ታሟል፣ በፈቃድ፣ በትምህርት ቤቱ ሥራ ውጭ ያለ፣ በትምህርት ቤቱ የተመለሰ። መምህሩ በጠዋት የሚሞላው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው። የቀሩትን አራቱን ሪከርድ ክፍል ወላጅ ከደወለ ወይም ማስረጃ ከመጣ በኋላ ይተካል።

የመጨረሻው ኮድ ላይ ትንሽ እንቆይ። ዩኒፎርም አልለበሰም፣ ክፍያ ዘገየበት፣ ወይም አጥፍቶ «ወላጅ አምጣ» ተባለ፤ ልጁ ከበር ተመለሰ። በመዝገቡ ግን ከራሱ ፈቃድ ከቀረው ልጅ ጋር አንድ ላይ ተቆጠረ። አባትየው ሥራ ፈቅዶለት እስኪመጣ አራት ቀን ያልፋል። እነዚህ አራት ቀኖች የትምህርት ቤቱ ውሳኔ ውጤት ናቸው፤ ተለይተው መታየት አለባቸው። ለብቻቸው ሲደመሩ አመራሩ «ወላጅ አምጣ» የሚለው ቅጣት በዓመት ስንት የትምህርት ቀን እንደሚበላ በቁጥር ያያል፤ ልጁን ክፍል አስገብቶ ወላጁን በስልክ መጥራት የተሻለ መሆኑም ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል።

ማርፈድ ሌላው የክርክር ምንጭ ነው። ትምህርት በ2 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ ስም 2፡10 ይጠራ፤ መዝገቡ 2፡30 ይዘጋ። በመካከል የደረሰ «አርፍዷል»፤ ከዚያ በኋላ የደረሰ ልጅ በሪከርድ ክፍል በኩል አልፎ ወረቀት ይዞ ይገባል፤ የገባበት ሰዓትም ይጻፍለታል። እንግሊዝ አገርም አሠራሩ ተመሳሳይ ነው። መዝገቡ ሳይዘጋ ያረፈደው «ኤል»፣ ከተዘጋ በኋላ የደረሰው «ዩ» በሚል ኮድ ይያዛል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ቀሪ ደግሞ በ5 የትምህርት ቀን ውስጥ ምክንያቱ ታውቆ መተካት አለበት። በዚያች አገር ከነሐሴ 2016 አጋማሽ (ኦገስት 2024) ጀምሮ መዝገቡ በኤሌክትሮኒክስ መያዙ ግዴታ ሆኗል፤ የተመዘገበውም 6 ዓመት ይቀመጣል። የ5 ቀኗን ደንብ እናንተም ውሰዷት። ምክንያት ሳይገኝለት የቆየ ቀሪ እየተጠራቀመ ሲሄድ ሪፖርቱ ትርጉም ያጣል።

የበሩ መሣሪያ

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁት እንምጣ። ካርድ፣ አሻራ ወይስ ፊት?

ከመግዛታችሁ በፊት በሰዓት መቁጠሪያ በር ላይ ቁሙ። 1,800 ተማሪ የሚገባው በ25 ደቂቃ ገደማ ነው፤ 1,500 ሰከንድ ማለት ነው። የኪውአር (በካሜራ የሚነበብ ኮድ የታተመበት) ካርድ አውጥቶ ማሳየት ለአንድ ልጅ 3 ሰከንድ ቢወስድ 5,400 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 4 አንባቢና 4 መስመር። አሻራ ከነድጋሚ ሙከራው 5 ሰከንድ ቢወስድ 6 መስመር። ሁለት መሣሪያ ገዝቶ አንድ በር ላይ የሚያቆም ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሰልፉ መንገድ ይዘጋበታል፤ በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃው «ግቡ፣ ግቡ» ይላል፤ መዝገቡም ያን ቀን ይሞታል።

የኪውአር ካርድ ርካሽ ነው፤ በጥንቃቄ ይታተም። ኮዱ ከ3 ሳንቲሜትር በ3 ሳንቲሜትር አይነስ። የሚያብረቀርቅ ላሚኔት የጠዋት ፀሐይ ሲመታው ካሜራው አያነበውም፤ የማያንጸባርቀውን አስመርጡ። ኮዱ ሲሠራ የስሕተት ማረሚያ ደረጃ ይጠይቃል፤ ከፍተኛው ደረጃ «ኤች» 30 ከመቶ ያህሉ ቢፋቅም ይነበባል፤ ዝቅተኛው «ኤል» 7 ከመቶ ብቻ ይችላል። ኪስ ውስጥ ለሚታሸው የልጅ ካርድ «ኤች» ነው የሚያዋጣው። ኮዱ ውስጥ መለያ ቁጥሩ ብቻ ይግባ፤ ስም፣ ስልክና አድራሻ አይግባ፤ የወደቀ ካርድ ያነሣ ሁሉ በስልኩ ያነበዋልና። ሲነበብ ደግሞ የልጁ ፎቶ ስክሪን ላይ ይውጣ። አንድ ልጅ የሦስት ጓደኞቹን ካርድ ይዞ እንዳያስነብብ የሚከለክለው ይህ ብቻ ነው። የ125 ኪሎኸርዝ የንክኪ ካርዶችም ከዚህ ችግር አያመልጡም፤ በርካሽ መሣሪያ ይቀዳሉ፣ ከእጅ ወደ እጅም ይተላለፋሉ።

አሻራ ለሠራተኛ ፈረቃ የተለመደ ስለሆነ ለተማሪም ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። የሕፃናት ጣት ያድጋል፤ በ1ኛ ክፍል የተወሰደ አሻራ በየዓመቱ እንደገና መወሰድ አለበት። ጠመኔ፣ አቧራ፣ የእርሻ ሥራ የፋቀው ጣት፣ በክረምት እርጥብ እጅ፣ እንሶስላ የሞቀ ጣት፣ ሁሉም ንባቡን ያበላሻሉ። መሣሪያው «እንደገና ሞክር» እያለ አንድን ልጅ አራት ጊዜ ሲመልሰው የሚያፍረው ልጁ ነው።

የፊት መለያን በተመለከተ ከስዊድን የመጣ የታወቀ ጉዳይ አለ። በሼለፍቴዮ ከተማ የሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 22 ተማሪዎችን ለሦስት ሳምንት በካሜራ ፊታቸውን እየለየ ተገኝነታቸውን መዘገበ። ወላጆች ፈቅደው ነበር። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ማዘጋጃ ቤቱን 200,000 ክሮና ቀጣ። ምክንያቱ ለእኛም ይሠራል፤ ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሥልጣን ሥር ስላለ ፈቃዱ በነጻ የተሰጠ ነው ማለት ይከብዳል፤ ተገኝነትንም ፊትን ሳይመዘግቡ ማወቅ ይቻላል። በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አሻራና የፊት ቅርጽ በዚህ ሕግ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ሚስጥራዊ መረጃዎች ወገን ናቸው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የልጅ አሻራ ግን አይቀየርም። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፤ ለስም ጥሪ ሲባል የልጆችን አሻራም ሆነ ፊት አትሰብስቡ።

አሜሪካም በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ የኖርዝሳይድ ትምህርት ወረዳ በ2012 እ.ኤ.አ. በሁለት ትምህርት ቤቶች ለ4,200 ያህል ተማሪዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ ቺፕ ያለው ባጅ አንጠለጠለ። በዚያ ግዛት በጀት በዕለታዊ ተገኝነት ስለሚሰላ ግቢው ውስጥ ሆኖ በስም ጥሪ ሰዓት ክፍል ያልተቀመጠን ልጅ ማግኘት ገንዘብ ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2013 ወረዳው ባጁን ተወው። ተገኝነቱ እንደታሰበው አልጨመረም ነበር። ባጁ ልጁ የት እንዳለ ይናገራል፤ ለምን ክፍል እንዳልገባ አይናገርም።

ስም፣ ቁጥር፣ ቀን

አንድ ተማሪ በሦስት ፋይል ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ የሚገኝበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ፊደል ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ። ፀሐይ፣ ጸሀይ። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገ/ማርያም። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ስሞች ናቸው። መፍትሔው ሁለት ስም መያዝ ነው፤ አንዱ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሳይነካ የሚታይ፣ ሌላው ለፍለጋ ብቻ የሚውል። በፍለጋው ስም ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ዐ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ከነዘሮቻቸው ይለወጣሉ፤ ባዶ ቦታና እዝባር (/) ይወገዳሉ፤ አጥረው የተጻፉት ይዘረዘራሉ። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካለው አያት አትሙሉበት፤ ለተማሪው፣ ለአባቱና ለአያቱ ሦስት የተለያዩ ሳጥኖች ይኑሩ።

የመዝገብ ተራ ቁጥር መለያ ሊሆን አይችልም። ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሚደረደር ዘግይቶ የተመዘገበ አንድ «አበበ» ሲጨመር ከሥሩ ያሉት ሁሉ ይገፋሉ፤ የትናንቱ 14 ዛሬ 15 ይሆናል፤ የትናንት ቀሪ ወደ ሌላ ልጅ ይዞራል። ልጁ ከገባበት ቀን እስኪወጣ የማይለወጥ ቁጥር ስጡት፤ መጨረሻው ላይም አንድ ማረጋገጫ አኃዝ ጨምሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቁጥሩ 2746 ቢሆን 2 በ5፣ 7 በ4፣ 4 በ3፣ 6 በ2 ይባዛል፤ ድምሩ 62 ነው። 62 ለ11 ሲካፈል 7 ይተርፋል። የተማሪው ሙሉ መለያ 27467 ሆነ። ሠራተኛዋ ተሳስታ 27647 ብትጽፍ ስሌቱ 64 ይሆናል፤ ቀሪው 9 እንጂ 7 ስላልሆነ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። 10 የሚተርፍባቸውን ቁጥሮች ዝለሏቸው። ይህ በኤክሴል በአንድ ቀመር ይሠራል፤ የአንዱን ልጅ ቀሪ ለሌላው ከመጻፍም ያድናል።

ቀን ከሁሉ ይበልጥ ያደናግራል። ጥቅምት 5 ቀን 2017 ማክሰኞ ነበር። 5/2/2017 ብላችሁ ኤክሴል ላይ ስትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ ቀንን ከወር እንዲያስቀድም ከተስተካከለ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል፤ ያ ደግሞ እሑድ ነው። ስሕተት መሆኑን አይነግራችሁም። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብትሉ ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው እንደ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል፤ ሲደመር ያ ቀን ይጠፋል። በጳጉሜ የተመዘገበ ተማሪማ ወር 13 ተብሎ ጭራሽ አይገባም። ስለዚህ ከውስጥ የሚቀመጠው የአውሮፓ ቀን ይሁን፤ ከውጭ የሚታየው የእኛ። ለዋጩን ሶፍትዌር በሁለት ቀኖች ፈትኑት፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12፣ 2023 መሆን አለበት፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11፣ 2024። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ቀን ስለነበራት ነው አንዱ በአንድ ቀን የሚገፋው። ሁለቱን አንድ ቀን ካለ አትግዙት።

ሰዓቱም ተመሳሳይ ወጥመድ አለበት። ስልካቸውን በእኛ አቆጣጠር፣ 6 ሰዓት ወደኋላ አድርገው የሚይዙ መምህራን አሉ። ከእነሱ የሚላክ መዝገብ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 የተሞላ ይመስላል። ሰርቨሩ የተቀበለበትን ሰዓት ለብቻው ይመዝግብ፤ ሁለቱ በ6 ሰዓት ከተለያዩ ምክንያቱ ይታወቃል።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል? መዝገቡ ስልኩ ላይ ይቆያል፤ ሲመለስ ይላካል። ችግሩ ሁለት ጊዜ መላኩ ነው። እያንዳንዱ መዝገብ የተማሪውን መለያ፣ ቀኑንና ፈረቃውን አጣምሮ የያዘ አንድ ቁልፍ ካለው ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ያርፋል፤ አይደገምም። መብራት ለጠፋበት ቀን የግማሽ ገጹ ወረቀት ከመሳቢያ አይጥፋ፤ በወረቀት የተሞላው በ2 ቀን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይግባ፤ ዘግይቶ መግባቱም ይታይ።

ለወላጅ የሚላከው መልእክት

በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር የስልክ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ግን 160። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፋይ 67 ፊደል ይይዛል፤ ዋጋውም የሁለት መልእክት ይሆናል። «ውድ ወላጅ፣ በቅድሚያ ሰላምታችንን እያቀረብን» ብሎ የሚጀምር መልእክት ዋናውን ጉዳይ ሳይናገር ቦታውን ይጨርሳል። ይህን ተመልከቱ፦ «ተማሪ ሀና ዛሬ በክፍል አልተገኘችም። እባክዎ ለክፍል መምህሯ ይደውሉ።» ባዶ ቦታውና ነጥቡ ተቆጥሮ 44 ነው። የአባት ስም ለመጨመርም ቦታ ይተርፋል። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ለሚጽፉ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በአፋን ኦሮሞ «ሁዻ» የምትባለው ምልክት (') በቀጥታዋ ጭረት ፋንታ ስልኩ በራሱ በሚያስገባት ጠማማ ጭረት ከተጻፈች መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው መጠን ይወርዳል። ሒሳቡ ለምን በእጥፍ እንደመጣ ብዙ ሰው የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

«ልጅዎ በሰላም ደርሷል» የሚል መልእክት ለሁሉም በየቀኑ አትላኩ። ለቀሩት ብቻ ሲላክ በቀን 126፣ በ190 ቀን 23,940 መልእክት ነው። ለሁሉም ሲላክ 342,000። ከወጪው በላይ የሚያሳስበን ግን በየቀኑ የሚደርስ መልእክት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሳይነበብ መቅረቱ ነው፤ «አልተገኘችም» የሚለውም አብሮ ይታለፋል። የሚላከው መዝገቡ ተዘግቶ አርፋጆች ከተመዘገቡ በኋላ ይሁን፤ 3 ሰዓት ላይ ጥሩ ነው። ክፍል ተቀምጣ ያለች ልጅ እናት «ልጅሽ አልመጣችም» የሚል መልእክት ሲደርሳት የምትደነግጠውን ድንጋጤ አስቡት፤ እንዲህ ያለ ስሕተት ሁለት ጊዜ ከተፈጸመ ወላጁ ሥርዓቱን ማመን ያቆማል።

ስልክ ቁጥሩ ሲመዘገብ ወላጁ ፊታችሁ ቆሞ እያለ ይደወልበት። ሁለት ቁጥር ይያዝ፤ ሁለተኛው የጎረቤት ወይም የዘመድ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ለማይችል ወላጅ የጽሑፍ መልእክት ከንቱ ነው፤ በመዝገቡ ላይ «በድምፅ ብቻ» የሚል ምልክት ይኑረው። ቀሪዎችን በስም ዘርዝሮ በክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ መለጠፍ ይቅር። የአንድ ቤት ችግር የ60 ቤት ወሬ ይሆናል።

ቁጥሩን ማንበብ

የክፍል አማካይ ይሸፍናል። 60 ተማሪ፣ በወር 20 የትምህርት ቀን፣ ተገኝነት 94 ከመቶ። ጥሩ ይመስላል። 72 የቀሪ ቀን ማለት ነው። ሁሉም ተማሪ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ 54ቱ አንድም ቀን ሳይቀሩ 6 ልጆች እያንዳንዳቸው 12 ቀን ቀርተውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ክፍሎች በሪፖርቱ አንድ ናቸው፤ በሁለተኛው ግን 6 ልጅ ከእጃችን እየወጣ ነው። ስለዚህ ለአመራሩ የሚቀርበው የመጀመሪያ ገጽ አማካይ ሳይሆን የስም ዝርዝር ይሁን።

አሜሪካም እንግሊዝም 10 ከመቶውን የትምህርት ቀን የቀረን ተማሪ እንደ አሳሳቢ ይቆጥሩታል። በ190 ቀን 19፣ በወር 2 ቀን ማለት ነው። ለእናንተ ሁለት ምልክቶች ይበቃሉ፤ ተከታታይ 3 ቀን የቀረ፣ በ20 ቀን ውስጥ እያቆራረጠ 4 ቀን የቀረ። ዝርዝሩን ሥርዓቱ ያወጣል፤ የሚደውለው ግን በስም የተመደበ ሰው ነው። «ትምህርት ቤቱ ይደውላል» ማለት ማንም አይደውልም ማለት ነው። ስም ጠሪው በዕለቱ ካልደወለ በማግስቱ ዝርዝሩ ወደ ዩኒት ሊደር ያልፋል። የተደወለበት ቀን፣ ያነሣው ሰውና ምክንያቱ በአጭሩ ይጻፋሉ። መቅረቱን ለማውገዝ አትደውሉ፤ «አመማት ወይ?» ብላችሁ ጀምሩ።

አካፋዩን፣ ማለትም ቀሪው የሚካፈልበትን የትምህርት ቀን ብዛት፣ አትርሱ። በኅዳር የተመዘገበ ተማሪ የሚሰላው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ትምህርት ቤቱ የተዘጋባቸው ቀኖች አይቆጠሩም። ለዚህ በነሐሴ የዓመቱ የትምህርት ቀናት ሠንጠረዥ ተሞልቶ መቀመጥ አለበት፤ በድንገት የሚዘጋ ቀንም በዕለቱ ይታረማል።

ከዚያ ቀሪዎችን በሳምንቱ ቀን ደርድሩ። ሐሙስ ገበያ በሚውልበት ከተማ የሐሙስ ቀሪ ብቻውን ከፍ ካለ ልጆቹ ዕቃ እየተሸከሙ ወይም ቤት እየጠበቁ ነው። ቡና በሚለቀምባቸው አካባቢዎች ከጥቅምት ጀምሮ፣ እህል በሚታጨድባቸው በኅዳርና በታኅሣሥ ቁጥሩ ይነሣል። ፈተናን በእነዚያ ሳምንታት አለማድረግ በትምህርት ቤቱ እጅ ነው። ከ6ኛ ክፍል በላይ ያሉ ሴት ተማሪዎች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚቀሩ ከሆነ ማንንም በስም ሳትጠይቁ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃና ከውስጥ የሚዘጋ በር እንዳለው ሄዳችሁ እዩ፤ ሞዴስም ከሴት መምህር ዘንድ ይገኝ። የቀሪ ዝርዝር ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ነገር ሲያስጠግን ነው።

ቁጥሩ ለደረጃ መስጫ ወይም ለበጀት መጠየቂያ መዋል ሲጀምር ግን ማበጥ ይጀምራል። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት ቀላል ማጣሪያ አለ፤ መዝገቡ በዕለቱ 1,740 ተገኝቷል ካለ ምሳ የበላው ደግሞ 1,650 ከሆነ 90ው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነው። እያንዳንዱ እርማት ማን፣ መቼ፣ ከምን ወደ ምን እንደለወጠው ይመዝገብ፤ የድሮውም አይጥፋ። ሁሉም በአንድ የይለፍ ቃል የሚገባበት ኮምፒውተር ይህን ዱካ ያጠፋል። መምህሩ የራሱን ክፍል፣ ዩኒት ሊደሩ የራሱን ፈረቃ፣ ርዕሰ መምህሩ ሁሉን ይይ፤ የሕመም ምክንያት ደግሞ ከሪከርድ ክፍል አይውጣ።

የዓመቱ መዝጊያ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሥራ ነው። ሰኔ ላይ ውጤት ከተዘጋ በኋላ የዓመቱ መዝገብ እንዳይለወጥ ተቆልፎ ሁለት ቅጂ ይወጣ፤ አንዱ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። የተዛወሩትና ያቋረጡት በየራሳቸው ኮድ ይለዩ፤ ለሄዱት ተማሪዎች የወላጅ ስልክና ፎቶ ይሰረዝ፤ የቀሪው ታሪክ ይቆይ። ለቀጣዩ ዓመት ሴክሽን ይቀየራል፤ መለያ ቁጥሩ ግን አይነካም። ከዚያ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱትና የአንድ ተማሪ የጥቅምት ወር ቀሪ ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ። ከገጠመ በኋላ ብቻ የድሮውን ፋይል ዝጉት።